ሦስተኛው ጥቅል ከሁለተኛው በፊት

ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ እውነት ነው። ጥርት ያለ፣ አንድ ጠብታ ውሃ ያልገባበት እውነት። የለም፣ ተጋንኗል የሚል ካለ መጀመሪያ የሀዋሳን ሐይቅ በሻይ ማንኪያ ቀድቶ ይጨርስና ይምጣ፤ ያኔ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን። እንዲያውም ለአንባቢ ታዝኖ ብዙ ነገር ተቀንሷል። ሙሉው ቢጻፍ የሚያምን ሰው አይገኝም ነበር።

«ይሄ ሰውዬ ሞቷል እኮ» አለች ፅጌ።

«የትኛው?» አለ አጠገቧ የተቀመጠው የክፍል ጓደኛዋ ጠሀ።

«ይሄ ቧንቧ ሠራተኛው። ቅድም ከደረጃ ወድቆ ሞተ። ይኸው አሁን ቁጭ ብሎ ሾርባ ይጠጣል።»

«መንትያ ወንድሙ ነው ተባለ እኮ። አትሰሚም እንዴ?»

ፅጌ ትሰማለች። ችግሩም እሱ ነበር፤ ከሌላው ሰው አብልጣ ትሰማለች።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው፤ ሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ከተማዋ ገና አዋሳ ትባል የነበረበት። ቀኑ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ከቀኑ ዘጠኝ ተኩል። የቀበሌው አዳራሽ ሁለት መቶ ሰው እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ነው፤ ያን ዕለት ግን ሦስት ሺህ ሰው ገብቶበታል፣ ጣሪያ ላይ የወጣውን ሳይጨምር። መስኮቶቹ ብርሃን እንዳያስገቡ በወታደር ብርድ ልብስ ተሸፍነዋል። ብል በበላው ቀዳዳ በኩል ፀሐይዋ እንደ መርፌ ቀጥ ብላ እየገባች የሰዉን ማጅራት ትወጋለች።

ፊልሙ ከአንድ ወዳጅ አገር የመጣ ነው። የሚነገርበትን ቋንቋ ከአዋሳ ሰው አንድም የሚያውቅ የለም። ስለዚህ በዚያን ጊዜ እንደተለመደው ገላጭ አለው። ገላጭ ማለት ከሸራው ግርጌ በስተግራ ቆሞ፣ በአንድ እጁ የእጅ ባትሪ፣ በሌላው ማይክሮፎን ይዞ፣ ከአዲስ አበባ ከፊልሙ ጋር የተላከውን ማብራሪያ እያነበበ ለሕዝብ የሚያስረዳ ሰው ነው። የዚያን ዕለቱ ገላጭ የፅጌ ትምህርት ቤት የፖለቲካ ትምህርት መምህር፣ ጓድ በኃይሉ ነበሩ። ድምፃቸው እንዴት ያለ ነው? እሳቸው አዳራሹ ውስጥ «ጓዶች» ሲሉ ከከተማው ወጣ ብሎ ቡሹሎ የታሰረ በሬ ገመዱን በጥሶ ይሮጣል።

ፊልሙ በአራት ጥቅል የተከፈለ ነው፤ አራቱም በየቆርቆሯቸው ገብተው ነው የመጡት። አንዱ ጥቅል ሲያልቅ መብራት ይበራል፤ ፊልም አሳዩ ጋሽ ኩማ ከኋላ ጠረጴዛቸው ላይ ሆነው ሌላውን ይጭናሉ፤ መብራት ይጠፋል፤ ይቀጥላል።

ፅጌ እስከዚያ ቀን በአዳራሹ ያየችው ፊልም ሁሉ ትራክተር ነበር። ትራክተር ሲያርስ፣ ትራክተር ሲመረቅ፣ ለትራክተር ሲጨበጨብ። ይሄኛው ግን ሰማይ የሌላት ከተማ ታሪክ ነው። ከተማዋ ከላይ እስከ ታች በብረት ክዳን ተከድናለች። ዝናብ የለም፤ ከቧንቧዎች ብቻ ጠብ ጠብ ይላል። የቤቶቹ መስኮቶች ግን ብጫ ናቸው፣ የበሰለ ፓፓያ ሲሰነጠቅ እንደሚታየው ዓይነት ብጫ። በዚያ ሁሉ ጥቁር ብረት መሃል ያቺ ብጫ መስኮት አንድ በአንድ ስትበራ ፅጌ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ እግሮች መጡ። ፊት የለም፣ ሰው የለም፣ እግር ብቻ፤ አሥር ሺህ ጫማ በአንድ ምት ኮሪደሩን ይረግጣል። ከጫማዎቹ ምት ሥር ደግሞ አንድ ቀጭን ጉርምርምታ አለ። በሳጥን የተዘጋ ንብ ይመስላል። መጀመሪያ የጋሽ ኩማ ማሽን ድምፅ መስሏት ዞር ብላ አየች። አይደለም። ከፊልሙ ውስጥ ነው። ከተማዋ ራሷ ነች የምታጉረመርመው።

ይህን ሁሉ ያየችው በመጀመሪያው ጥቅል ነው። መብራት በርቶ ጠፋና ሁለተኛው ጀመረ። በአንድ ጊዜ ብጫው የለም። ሁሉ ነገር አመድ ለብሷል። ጉርምርምታው ከመቅጽበት አድጎ የሰው ድምፅ ውጧል፤ ሰዎቹ አፋቸውን ይከፍታሉ እንጂ ቃል አይሰማም። ቧንቧ ሠራተኛው አውራ ጣቱን በጨርቅ እንደጠመጠመ ደረጃ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከጫፉ ይወድቃል። አወዳደቁ እንኳን ድምፅ የለውም።

እንደገና መብራት በራ፣ ጠፋ። ሦስተኛው ጥቅል። ብጫዎቹ መስኮቶች ግማሾቹ ተመልሰዋል። ጉርምርምታው መካከለኛ ሆኗል። የሞተውም ሰው ሾርባ ይጠጣል።

ጓድ በኃይሉ የእጅ ባትሪውን ወረቀታቸው ላይ አበሩ፣ ወረቀቱን ገለበጡ፣ ደግሞ መልሰው ገለበጡ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠረጉና፦

«ጓዶች፣ ይህ የምታዩት የሟቹ መንትያ ወንድም ነው። ወንድሙ የወደቀለትን ትግል ከግብ ለማድረስ ቆርጦ ተነስቷል።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት እናት ለወንድሙ እልል አሉ።

«መንትያ ይመስልሃል?» አለች ፅጌ።

«ወላሂ ቁርጥ እሱን ነው የሚመስለው።»

«ራሱ ስለሆነ ነው። እየው እንግዲህ።»

ሸራው ላይ ሰውዬው ቧንቧ ሲፈታ ብረቱ አዳለጠውና አውራ ጣቱን ቆረጠው። ከኪሱ ጨርቅ አውጥቶ ጠመጠመበት። ጠሀ ጣቱን አየ፣ ፅጌን አየ።

«ተገለባብጧል» አለ በሹክሹክታ።

«ተገለባብጧል። ሦስተኛውን ከሁለተኛው በፊት ነው ያሳዩን። ብርሃኑ ቀስ እያለ መሞት ነበረበት፤ ድምፁም ቀስ እያለ ማደግ።»

«አቦ፣ ሸወዱን። ለማንም እንዳትናገሪ ግን።»

ይህስ ይሁን። ማሽን ነው፣ ይሳሳታል። ፅጌን ያቃጠላት አራተኛው ጥቅል ነው።

በአራተኛው ጥቅል መጨረሻ ላይ ጉርምርምታው ቆመ። እንዲሁ፣ በአንዴ፣ ቆመ። ሰዎቹ ሁሉ የያዙትን እንደያዙ ደረቁ። ከተወለዱ ጀምሮ ይሰሙት ስለነበር መኖሩን አያውቁም ነበር፤ ያወቁት ሲጠፋ ነው። አንዲት አሮጊት ጆሮዋን ነካች። አንድ ሕፃን ቀና አለ። ከዚያ ፊቶች፣ በመቶ የሚቆጠሩ ፊቶች፣ ቀስ በቀስ ወደ ላይ። ምንም ድምፅ የለም። ፅጌ ትንፋሿን ያዘች። አንገቷ ላይ ያለው ፀጉር አንድ በአንድ ሲቆም ታወቃት። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ዝምታ ሰምታ አታውቅም። ደግሞም ሰው የሠራው ዝምታ ነው፤ አንድ የማታውቀው ሰው፣ በማታውቀው አገር ቁጭ ብሎ፣ እዚህ ጋ ምንም አይሰማ ብሎ የወሰነው።

«ጓዶች» አሉ ጓድ በኃይሉ በማይክሮፎን፤ «እንደምታዩት ማሽኑ ቆሟል።»

ማንም ያያል። ለማን ነው የሚነግሩት? ቀጠሉ ደግሞ። ስለ ማምረቻ መሣሪያዎች አነበቡ፣ ስለ ምርት ግንኙነት አነበቡ፣ ሸራው ላይ በር ተከፍቶ ነጭ ብርሃን ሲገባ እሳቸው ገና ሁለተኛው አንቀጽ ላይ ነበሩ። ሰዎቹ ከፊልሙ ውስጥ ሰማይ አዩ፤ የአዋሳ ሕዝብ ግን ጓድ በኃይሉን ሰማ።

ፅጌ ከአዳራሹ ስትወጣ ጥርሷን ነክሳ ነበር። ተናደደች ሲባል እንዲሁ ቀላል ንዴት አይምሰላችሁ። ከአዳራሹ እስከ ቤቷ በሄደችበት መንገድ የረገጠችው አስፋልት ለሦስት ቀን ሲተን ነበር።

«አንድ ደቂቃ» አለችው ጠሀን። «አንድ ደቂቃ ዝም ቢሉ ምን ይሆናሉ?»

«ያምሻል እንዴ? መምህር በኃይሉ ናቸው እኮ። ተኝተውም አያቆሙም ይባላል።»

«አትቀልድ። የኔ ነበረች እኮ ያቺ ዝምታ። ያንተም ነበረች። ቀሙን።»

ጠሀ ትከሻውን ነቀነቀ። እሱ ጨዋታ ነው የመሰለው።

ሰኞ ዕለት ስምንተኛ ክፍሎች በሙሉ ስለ ፊልሙ አስተያየት ጽፈው እንዲያስረክቡ ታዘዘ። ጥሩው አስተያየት የግድግዳ ጋዜጣው ላይ ይለጠፋል። ልጆቹ ሁሉ የጻፉት አንድ ነው፤ ፊልሙ በጣም አስተማሪ ነበር፣ ገለጻውም ግልጽ ነበር፣ መንትያ ወንድምየው ጀግና ነው። ፅጌ ግን ስድስት ገጽ ጻፈች። ስለ ብጫዎቹ መስኮቶች ጻፈች፤ ስለ ጫማዎቹ ምት፤ ስለ ጉርምርምታው። ጣቱ ሳይቆረጥ በፊት ጨርቅ እንዴት ሊጠመጠም እንደቻለ ጠየቀች። መጨረሻ ላይም እንዲህ አለች፦ «ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥቅል ቦታ ተለዋውጠው ታይተዋል። በመጨረሻ የነበረው ዝምታ የፊልሙ ዋና ነገር ሆኖ ሳለ በገለጻ ተሸፍኖብናል። ፊልሙ በትክክለኛው ቅደም ተከተልና ያለ ገለጻ በድጋሚ እንዲታይ እጠይቃለሁ።»

ጠሀ አንብቦ ወረቀቱን እንደ ጋለ ብረት መለሰላት።

«ይሄን ልታስረክቢ ነው?»

«አዎ።»

«ፋራ አትሁኚ። የመጨረሻዋን ገጽ አውጫት።»

«የመጨረሻዋን ካወጣሁ ምን ቀረ?»

ረቡዕ ቢሮ ተጠራች።

ጓድ በኃይሉ ስድስቱን ገጽ ጠረጴዛቸው ላይ ዘርግተው ነበር። ከተቀመጡበት አልተነሱም፤ አልተቆጡምም። ያ ነው ይበልጥ የሚያስፈራው።

«ተማሪ ፅጌ፣ እስከ ዛሬ ስንት ፊልም አይተሻል?»

«አሥራ አንድ፣ መምህር።»

«እኔ ስንት የገለጽኩ ይመስልሻል?»

«አላውቅም፣ መምህር።»

«መቶ አርባ። እና አንቺ ነሽ ቅደም ተከተል የምታስተምሪኝ?» አንዱን ገጽ አነሱ። «ይሄ ጉርምርምታ ምንድን ነው? አምስት ጊዜ ጽፈሽዋል። ሁልጊዜ አለ፣ ግን ማንም አይሰማውም ትያለሽ። ምን ለማለት ነው? ማንን ነው?»

«ማንንም አይደለም። ድምፅ ነው፣ መምህር። ፊልሙ ውስጥ ያለ ድምፅ።»

«እኔ አልሰማሁም።»

ይናገሩ ስለነበር ነዋ፣ የሚል ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ተመለሰ። ሰውየው ዓይኗ ላይ አነበቡት መሰለኝ ፊታቸው ቀላ።

ጠሀ ተጠራ። በሩ ጋ ቆመ።

«አንተ አጠገቧ ነበርክ። ፊልሙ ተገለባብጦ ነበር?»

ጠሀ ፅጌን አላያትም። የአባቱ ሱቅ መሃል ከተማ ነው፤ ፈቃዱ በየዓመቱ የሚታደሰው በዚሁ ቀበሌ ነው። ይህን ፅጌም ታውቃለች። ብታውቅም አላዳናትም።

«አላስተዋልኩም፣ መምህር» አለ።

«ጥሩ። ወደ ክፍልህ።» በሩ እስኪዘጋ ጠበቁ። «ዓርብ ጠዋት፣ ባንዲራ ሲሰቀል፣ ሰልፍ ፊት ወጥተሽ ግለ ሂስ ታደርጊያለሽ። ጽሑፉ ተዘጋጅቶ ይሰጥሻል። ካላነበብሽ የሚኒስትሪ ፈተና መግቢያ ካርድሽ እዚህ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። ሂጂ።»

ግለ ሂስ ማለት ሰው በገዛ አፉ፣ በሰው ፊት፣ ራሱን የሚከስበት ንግግር ነው። በዚያን ጊዜ እንደ ጉንፋን ሁሉንም የሚይዝ ነገር ነበር። ልዩነቱ ፅጌ ምንም ያላጠፋች መሆኗ ነው።

ከቢሮ ወጥታ ወደ ክፍል አልገባችም። ቀጥ ብላ አዳራሹ ሄደች። ጋሽ ኩማ ብቻቸውን ናቸው፤ የማሽኑን መስታወት በነጭ ጨርቅ ይወለውላሉ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ብዙ የማይናገሩ ሰው ናቸው።

«ጋሽ ኩማ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የቅዳሜው ፊልም ተገለባብጦ አልነበረም?»

መወልወላቸውን አላቆሙም። ቆይተው ቆይተው፦

«በምን አወቅሽ?» አሉ።

«በብጫው። በድምፁ። በጣቱ።»

አሁን ቀና ብለው አዩአት። «ሃያ ዓመት ፊልም ሳሳይ እንዲህ ያለኝ ሰው የለም» አሉ። «ከዲላ ነው የመጣ። እዚያ ያሳየው ሰው ጥቅሎቹን ሲመልስ ቆርቆሮ አሳስቷል። እኔ ከላይ የተጻፈውን አምኜ ጫንኩ። መሄድ ሲጀምር ገባኝ። ላቆመው እጄን ብዘረጋ መምህሩ በባትሪው ቀጥል አሉኝ። ቀጠልኩ።»

«ዓርብ ጠዋት ግለ ሂስ አድርጊ ተብያለሁ። ይሄንኑ መጥተው ይናገሩልኛል?»

ጨርቁን አጠፉት። ደግሞ ፈቱት።

«ስድስት ልጆች አሉኝ» አሉ። «እናያለን፣ ልጄ።»

ሐሙስ እናቷ ወይዘሮ ገበያነሽ ከሥራ ሲገቡ ቦርሳቸውን እንኳን ሳያስቀምጡ ወንበር ላይ ተቀመጡ። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ታይፒስት ናቸው። ታይፒስት ሲባል ደግሞ ዝም ብሎ ታይፒስት አይደለም፤ ሲመቱ መትረየስ የተከፈተ የመሰለው ዘበኛ ሁለት ጊዜ መሬት ተኝቷል። ከቦርሳቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«ጓድ በኃይሉ በጽሑፍ አመጡልኝ። ስምሽን ያየሁት ግማሽ ከመታሁ በኋላ ነው።»

ፅጌ አነበበች። «እኔ ተማሪ ፅጌ፣ በንዑስ ከበርቴ ትምክህት ተነሳስቼ፣ በትክክል የታየውን ፊልም ተገለባብጧል በማለት በሐሰት ጽፌአለሁ።» ከዚያ በታች ገና አንድ ገጽ አለ።

«አንቺ ነሽ የመታሽው?» አለች።

«በሦስት ኮፒ። ሥራዬ ነው።»

«እማዬ፣ ውሸት ነው እኮ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ስለ እንዲህ ያለ ነገር አትዋሺም። ስለ ዕቃ ማጠብ ነው የምትዋሺው።» እናቷ ጣታቸውን ያሹ ጀመር። «አሁን ስሚኝ። ቃል ነው። በአፍ ወጥቶ ንፋስ ይወስደዋል። ካርድሽን ትቀበያለሽ፣ ፈተናሽን ትፈተኛለሽ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ብጫውም ስለ ጥቁሩም እንደልብሽ ትጽፊያለሽ።»

«ካነበብኩት ግን ያየሁትን አላየሁም ማለቴ ነው። የሰማሁትን አልሰማሁም ማለቴ ነው። ታዲያ ከዚያ በኋላ ስለ ምን ልጻፍ? በየትኛው ዓይኔ?»

እናቷ ወረቀቱን ወደ እሷ ገፉት፤ እራት ሊሠሩ ተነሱ።

ዓርብ መጣ። እንግዲህ አሁን ጆሯችሁን ስጡ።

ያን ዕለት ጠዋት ሰልፍ ሜዳው ላይ ስምንት ሺህ ተማሪ ቆሟል። ወሬው ተሰምቶ መሃል ከተማ ሱቅ ተዘግቷል፤ ከቡሹሎ በእግራቸው የመጡ ገበሬዎች አጥሩን ከብበዋል። ፅጌ ወደ ማይክሮፎኑ ወጣች። ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ አንዴ ቀደደችው፣ ሁለቴ ቀደደችው፣ ሦስት መቶ ቦታ ቀደደችው። ቁርጥራጩን ንፋሱ ወደ ሐይቁ ዳር፣ ወደ ጉዱማሌ ወሰደው። ከዚያ ያለ ማይክሮፎን፣ እንዲያው በባዶ ድምጿ፣ የፊልሙን ብጫ መስኮቶች አንድ በአንድ ዘርዝራ ተናገረች። ሰው አለቀሰ።

በዚህ መሃል የትምህርት ቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፈተ። ጋሽ ኩማ ናቸው። ሁለቱን ጥቅሎች በሁለት ትከሻቸው እንደ ጎማ ተሸክመዋል። «ተሳስቼ ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ልጅቷ እውነቷን ነው» አሉ ሜዳው እስኪያስተጋባ። ጠሀም ከሰልፉ ወጥቶ «እኔም አይቻለሁ፤ ዋሽቼ ነው» አለ። ጋሽ ኩማ ጥቅሉን ፈትተው ፊልሙን ዘረጉት፤ ከባንዲራው ምሰሶ ተነስቶ ሐይቁ ዳር ደረሰ፤ ሕዝቡ ተሰልፎ በፀሐይ ብርሃን ጣቱ መቼ እንደተቆረጠ አንድ በአንድ አየ። ጓድ በኃይሉ ላባቸውን ሲጠርጉ መሐረባቸው ተጨመቀ። በዚያው ቀን ፊልሙ በትክክለኛው ተራ፣ ያለ አንድ ቃል ገለጻ፣ ድጋሚ ታየ። የመጨረሻው ዝምታ ሲደርስ መላዋ አዋሳ ዝም አለች። ሐይቁ ላይ ያሉት ወፎች እንኳን ክንፋቸውን አላራገቡም።

ታሪኩ እዚህ ድረስ ተጽፎ ለጋሽ ኩማ ተነበበላቸው። ዛሬ ሰማንያ አምስት ዓመት አልፏቸዋል፤ የሚኖሩት እዚሁ ሀዋሳ፣ የመጨረሻ ልጃቸው ቤት ነው። እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስለ ሐይቁ ወፎች ሲነበብ ትንሽ ፈገግ አሉ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን እንዲህ አልሆነም።»

የቱ ጋ ተሳስቷል ተብለው ተጠየቁ።

«አዳራሹ ውስጥ ስልሳ ሰውም አልነበረ። ዝናብ ዘንቦ ነበር። ተማሪውም ያው የስምንተኛ ክፍልና የሰባተኛ ክፍል ነው የተሰለፈው። ሱቅ የዘጋ የለም። ልጁም፣ የነጋዴው ልጅ፣ አልተናገረ። አንገቱን ደፍቶ ነበር። ፊልሙም ድጋሚ አልታየ፤ በማግስቱ ወደ ሻሸመኔ ሄደ።»

ልጅቷስ?

«ልጅቷ ወረቀት አልቀደደች። ስሟንና ክፍሏን አነበበች። በትክክል የታየውን ፊልም የሚለው ጋ ስትደርስ አቆመች። እንደገና ከላይ ጀመረች፤ እዚያው ስትደርስ አሁንም አቆመች። ከዚያ ወረቀቱን አጥፋ ለመምህሩ መለሰችላቸው። በሁለት እጇ፣ በአክብሮት ነው የሰጠች። ወርዳ ሰልፏ ውስጥ ገባች። ማንም አላጨበጨበ፣ ማንም አልሳቀ። በዚያ ዓመት አልተፈተነችም። በዓመቱ ስምንተኛን ደግማ ነው የተፈተነች።»

ከዚያ ድምፃቸውን ሳይለውጡ ቀጠሉ።

«እኔ በሩን አልከፈትኩ። ብስክሌቴን ይዤ አጥሩ ጋ፣ ከውጭ ቆሜ ነበር። ሁሉንም ሰማሁ። ከሰማሁ በኋላ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።»

ታዲያ ይህ ክፍል ይውጣ፣ ስምዎም ይቀየር ቢባሉ እጃቸውን ከጉልበታቸው አንስተው አወዛወዙ።

«ስሜን ተዉት። የቆምኩበትን ብቻ አስተካክሉት። አጥሩ ጋ ነው፤ ከውጭ።»